ከእሾሃሞቹ ይልቅ ያሳሰበኝ ወተታሙ ቁጥቋጦ

ጥያቄ፦ «በደቡብ ወሎ ከሐርቡ ከተማ ወጣ ብሎ የአባቴ ግቢ አለ። አባቴ ካረፈ በኋላ ለዓመታት ተዘግቶ ስለቆየ እሾሃማ ዛፍና ቁጥቋጦ ወርሶታል። አሁን ቤቱን አድሰን ከሁለት ልጆቼ ጋር ልንገባበት ነው። አንደኛው ረጅም፣ ነጭና ቀጥ ያለ እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የበቀለበት ዛፍ ነው። ሁለተኛው ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣ፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁር ነው። ልጆቹ አጋም ነው ብለው በልተውታል፤ ምንም አልሆኑም። ሦስተኛው ጥቃቅን እሾህ ያለው፣ ቢጫና ሮዝ አበባ የሚያወጣ፣ ቅጠሉ ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ ያለው ነው። በስልኬ ፎቶ አንስቼ በመተግበሪያ ብፈልግ በየጊዜው የተለያየ ስም ይሰጠኛል። ከጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ ‹ሁሉም ግራር ነው› ይላሉ፤ ሌሎቹ ‹እሾህ ያለው ሁሉ መርዝ ነውና በእሳት አጥፊው› ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከሦስቱ ዛሬውኑ መጣራት ያለበት ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን እሾህ ርዝመቱንና ቀለሙን፣ የሦስተኛውን ደግሞ ጥቃቅንነቱን ነግረውኛል። ስለ ሁለተኛው ሲጽፉ ግን ቅጠሉን፣ ወተቱንና ፍሬውን እንጂ እሾሁን አላነሱም። ረስተውት ከሆነ ቁጥቋጦው አጋም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ያላነሱት እሾህ ስለሌለው ከሆነ ግን ልጆችዎ የበሉት የምረንዝ ፍሬ ሊሆን ይችላል። ምረንዝ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ሲመርዙበት የኖሩ ተክል ነው። እርግጡ እስኪታወቅ ድረስ ልጆቹ ከዚያ ቁጥቋጦ አንዲት ፍሬ አይቅመሱ። ቅርንጫፉም ለጥርስ መፋቂያ፣ ለሥጋ መጥበሻ እንጨት ወይም ለማገዶ አይቆረጥ።

ሁለቱን ማምታታት የሚያሳፍር አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ለምለም ናቸው፤ ቅጠላቸው ጠንካራና አብረቅራቂ ሆኖ በቅርንጫፉ ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይበቅላል። የሁለቱም አበባ ነጭ ሆኖ ሮዝ ጣል ያለበትና መዓዛው ደስ የሚል ነው፤ ሲሰበሩ ሁለቱም ወተት ያወጣሉ፤ የሁለቱም ፍሬ እየበሰለ ሲሄድ ይጠቁራል። እርስዎ የገለጹልኝ ምልክቶች በሙሉ፣ ወተቱም ጥቁረቱም የቅጠሉ ማብረቅረቅም፣ ሁለቱ የሚጋሯቸው ናቸውና አንዱን ከሌላው አይለዩልዎትም። የሚለየው እሾሁ ነው። አጋም ከቅጠሉ ብብት፣ ማለትም ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ከሚገናኝበት ጉያ የሚወጣ፣ ጠንካራና ቀጥ ያለ፣ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ እሾህ አለው። ምረንዝ አንድም እሾህ የለውም። ፍሬውም ይረዳል፤ የአጋም ፍሬ ብዙ ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የምረንዝ ግን በግልጽ ይበልጣል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በፍሬው መጠን ብቻ ግን የልጅ ሕይወት አይወሰንም።

ሲፈትሹ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፤ አንዲት ቅርንጫፍ አይተውም አይመለሱ። በጥላ ሥር ያደገ ወይም ያረጀ አጋም በአንዳንድ ቅርንጫፎቹ ላይ እሾሁ የሳሳ ነው። ከግንዱ ሥር በቅርቡ ያቆጠቆጡትን ለጋ ቅርንጫፎች ይመልከቱ፤ አጋም ከሆነ እዚያ እሾሁን አይደብቅም። ሌላም ነገር አለ፤ ሁለቱ ተክሎች በአንድ አጥር ላይ ተጠላልፈው ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ ፍሬ ከያዘው ቅርንጫፍ ተነስተው እስከ ግንዱ ድረስ በዓይንዎ ይከተሉት እንጂ «ቁጥቋጦው እሾህ አለው» በሚል ድምዳሜ ሁሉንም ፍሬ አይልቀቁ።

«በልተው ምንም አልሆኑም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። የምረንዝ መርዝ በተክሉ ክፍልና በፍሬው ብስለት ይለያያል። በደንብ የበሰለው ሥጋው መርዙ አነስተኛ ነው፤ ያልበሰለው ፍሬ፣ ዘሩ፣ ቅርፊቱ፣ ሥሩና እንጨቱ ግን ገዳይ ናቸው። ትናንት የበሰለ የበላ ልጅ ነገ ያልበሰለ ቢበላ፣ ወይም ዘሩን ቢያኝክ ውጤቱ ሌላ ነው። መርዙ የሚያጠቃው ልብን ነው፤ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ ከዚያም የልብ ምት መዘበራረቅ ያስከትላል። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ወተት አጠጡት፣ አስመልሱት የሚል ምክር አይስሙ። ቅጠልና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በፌስታል ይዘው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሐኪሙ ተክሉን ማየቱ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ጎረቤቶችዎ እሾህን ከመርዝ ጋር ማያያዛቸውም መታረም አለበት። እሾህ የፍየልንና የግመልን አፍ ለመከላከል የበቀለ ነው፤ መርዝ ሌላ የመከላከያ መንገድ ነው፤ ሁለቱ የግድ አብረው አይሄዱም። ቁርቁራ፣ ኮሽም፣ ቀጋና አጋም እሾሃሞች ናቸው፤ የወሎ ልጅ ሁሉ ፍሬያቸውን እየለቀመ ነው ያደገው። ምረንዝና ጉሎ በግንዳቸውም በቅርንጫፋቸውም እሾህ የላቸውም፤ ሁለቱም ይገድላሉ። እሾህም መርዝም ያላቸው ደግሞ አሉ፦ እንቧይ፣ ጉመሮና ቁልቋል። በተለይ የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር ሊያደርስ ስለሚችል ግቢዎ ውስጥ ካለ በጎን በኩል ቆመው እንኳ በገጀራ እንዳይመቱት።

እሾሁ መርዝ ይኑር አይኑር አይነግርዎትም፤ የተክሉን ማንነት ግን በደንብ ይነግርዎታል፤ ያውም በርዝመቱ ሳይሆን በበቀለበት ቦታ። እሾሁን በአውራ ጣትዎ ወደ ጎን ይግፉት። ከቅርፊቱ ጋር ተልጦ ቢነሳና ሥሩ ላይ ጠባሳ ብቻ ቢተው የቆዳ እሾህ ነው፤ ቀጋ፣ ቆርች የሚባለው ቀይ አበባ ዛፍና የዱር እንጆሪ እንዲህ ናቸው። ከቅጠሉ ግርጌ ግራና ቀኝ ጥንድ ሆኖ ከወጣ ብዙ ጊዜ የግራር ወይም የቁርቁራ ወገን ነው። ከቅጠሉ ብብት ለብቻው የወጣ፣ ሲጫኑት የማይነቀነቅና ሲሰበር ውስጡ እንጨት የሆነ እሾህ ራሱ ወደ እሾህነት የተለወጠ ቅርንጫፍ ነው፤ ኮሽምና አጣጥ እዚህ ይገባሉ። የአጣጥ እሾህ አንዳንዴ በራሱ ላይ ቅጠልና አበባ ተሸክሞ ስለሚታይ ቅርንጫፍነቱን ለመጠራጠር ምክንያት አይኖርም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዛፍ እንሂድ። ነጭ፣ ቀጥ ያለና ጥንድ እሾህ በግራር ወገን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ጎረቤቶችዎ በዚህኛው ሳይሳሳቱ አልቀሩም። ሆኖም ግራር አንድ ዛፍ አይደለም። በሐርቡ ዙሪያ ባለው ቆላማ ወይና ደጋ ቢያንስ አራት አምስት ዓይነት ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ከእሾሁ ብቻ አይታወቅም። ልጅ ዛፍና በፍየል የተጋጠ ዛፍ ከአዋቂው በላይ ረጅም እሾህ ስለሚያወጡ ርዝመቱ ራሱ ያሳስታል።

ይልቅ ግንዱን ይመልከቱ። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ወይም ቢጫማ አረንጓዴ ሆኖ በእጅ ሲዳበስ ዱቄት የሚመስል ነገር ከተወ ዋጩ ነው፤ አበባው ደማቅ ቢጫ ድቡልቡል ሲሆን ፍሬው እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ከረጅሞቹ ነጭ እሾሆች መካከል አጫጭር ቆልማማ እሾሆችም ካሉና ፍሬው የተጠማዘዘ ከሆነ ወደ አፋር አቅጣጫ በብዛት የሚታየው የቆላ ግራር ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተንሰራፋ፣ አንዱ ቅጠል ሃያና ሠላሳ ጥንድ የጎን ዘንግ (ትናንሾቹ ቅጠሎች የተደረደሩበትን ቀጭን ዘንግ) የያዘ ከሆነ ከኮምቦልቻ ወደ ላይ የሚበዛው የደጋው ግራር ነው።

ከሁሉም የምወደው ፈተና ግን ወቅቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌላው ሁሉ ለምልሞ ሳለ የእርስዎ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ከቆመ፣ በበጋ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ከታየ፣ በአካባቢው ገርቢ የሚባለው ነው። ይህን ልማድ ሌላው ግራር የለውም። ብርቱካናማው የተጠቀለለ ፍሬው በበጋ ወድቆ ለከብት ምግብ ይሆናል፤ በክረምት ጥላ ስለማያጠላ ከሥሩ ማሽላና ጤፍ ሳይቀጭጭ ይበቅላል፤ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይጨምርለታል። ገርቢ ሆኖ ከተገኘ እንዲቆረጥ አልመክርም። ከአባትዎ የወረሱት ምርጡ ንብረት ሳይሆን አይቀርም።

የማያስደስተው አማራጭ ፕሮሶፒስ ነው። አፋሮች «ደርጊ ሀራ» ይሉታል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን በደርግ ዘመን በአዋሽ ሸለቆ ተተክሎ ከቁጥጥር ውጪ ወጣ። ፍየልና ከብት ጣፋጩን ፍሬ በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ያዛምታሉ፤ በአፋርና በወሎ መካከል በገበያም በግጦሽም የሚጓዘው ከብት ብዙ ስለሆነ ወደ ምሥራቁ የወሎ ቆላ መውጣቱ አያስገርምም። ከ1,500 ሜትር በላይ ብዙ አይደላውም፤ ደሴ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ስሙንም አላነሳም ነበር፤ ሐርቡ ግን ዝቅ ስለሚል መጣራት አለበት። ከግራር የሚለየው በቅጠሉ ነው። አንዱ ቅጠል የሚይዘው አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስትና አራት ጥንድ የጎን ዘንግ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ያሉት ትናንሽ ቅጠሎችም ረዘም ብለው የተራራቁ ናቸው። አበባው ድቡልቡል ሳይሆን ጣት የሚያህል ዘለላ ነው፤ ፍሬው ቢጫ፣ ረጅምና ሲደርቅም የማይፈነዳ ነው። ቅርንጫፉም በየቅጠሉ መነሻ ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፈ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከተሟላ አይዘኑለት። ነገር ግን ከመሬት በላይ መቁረጥ ዋጋ የለውም፤ አንዱን ግንድ ቆርጠው አሥር ቡቃያ ያፈሩበታል። አዲስ ቡቃያ የሚወጣው ከአፈሩ ሥር ካለው የግንዱ አንገት ስለሆነ ዙሪያውን ቆፍረው ያንን አንገት ጨምረው ያውጡት።

ሦስተኛው ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ቅጠሉ ሻካራ፣ ሲታሽ የሚሸት፣ በአንድ የአበባ ክምችት ላይ ቢጫና ሮዝ ተቀላቅሎ የሚታይበት፣ ግንዱ አራት ማዕዘን የሚመስልና ጥቃቅን ቆልማማ እሾህ ያለው ቁጥቋጦ የወፍ ቆሎ ነው። እሱም የአገሩ ተክል አይደለም፤ ለአበባውና ለአጥር ተብሎ ከአሜሪካ አህጉር በዓለም ዙሪያ የተበተነ ሲሆን ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ባለው መስመር ግጦሹን እየወረሰ ነው። ጥቁሩን ፍሬ ወፎች በልተው በየአጥሩ ሥር ዘሩን ይጥላሉ፤ የእርስዎም ግቢ እንዲሁ ነው የተዘራው። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፤ ቆዳው በተለይ ነጩ ክፍል በፀሐይ እየተቃጠለ ይላጣል። ይህን የሚያዩ አርቢዎች በሽታውን በሌላ ነገር ሲያመካኙ እሰማለሁ፤ ላሟ የታሰረችበትን አጥር ዞር ብሎ ማየት ይበቃ ነበር።

እሳት የሚለውን ምክር በፍጹም አይቀበሉ። የወፍ ቆሎም ፕሮሶፒስም ከላይ ሲቃጠሉ ከሥራቸው እንደገና ያቆጠቁጣሉ፤ በአንጻሩ ቦታቸውን ሊይዙ የነበሩትን ሣርና ችግኞች እሳቱ ይፈጅብዎታል። ሁለተኛው ቁጥቋጦ ምረንዝ ከሆነ ደግሞ እንጨቱን ማቀጣጠል አይሞከርም። የወፍ ቆሎን ለመንቀል ምርጡ ጊዜ የበልግ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ፣ ከማፍራቱ በፊት ነው። ሥሩን ከአንገቱ በታች በዶማ ቆፍረው ይንቀሉት፤ ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ ወደ መንገድ ወይም ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር አይጣሉት፤ ከፍግ ጋርም አያደባልቁት። የሚቀጥሉት ክረምቶች ከአፈሩ ውስጥ ከቀረው ዘር አዲስ ቡቃያ ያወጣሉና በየዝናቡ ዙረው ትንንሾቹን በእጅ መንቀል ግድ ነው። ቦታውን ባዶ አይተዉት፤ የመኖ ሣር ይዝሩበት።

ዓመታት የተዘጋ ግቢ በእሾህ መሞላቱ የማንም ክፋት አይደለም። ፍየል ጥሶ በገባ ቁጥር የሚጋጠው ለስላሳውን ነው፤ እሾሃሙ ይተርፋል፤ በዓመታት ውስጥ ግቢው የእሾሃሞች ብቻ ይሆናል። ድሮ አጥር የታጠረበት የግራር ቅርንጫፍም ዘሩን እዚያው ያራግፋል።

ስለ ስልኩ መተግበሪያ፦ መነሻ ሊሰጥ ይችላል፤ ዳኛ ግን አይደለም። የሰለጠነው በብዛት በሌላ አገር ተክሎች ፎቶ ስለሆነ የእኛን አጋም ከእኛው ምረንዝ እንዲለይልዎ አይጠብቁ፤ እሾህ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ደግሞ ማንንም ባለሙያ አይረዳም። ሙሉውን ዛፍ፣ የግንዱን ቅርፊት፣ ቅጠሎቹ እንዴት እንደተደረደሩ የሚያሳይ ቅርንጫፍ፣ የእሾሁን መነሻ በቅርበት፣ እንዲሁም አበባና ፍሬን ለየብቻ ያንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ ያስቀምጡ። ከፎቶ የሚበልጠው የደረቀ ናሙና ነው፤ አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ዘርግተው ክብደት ይጫኑበት፤ ጋዜጣውን በየቀኑ እየቀየሩ እስኪደርቅ ያቆዩት። የተሰበሰበበትን ቦታና ቀን ጽፈው ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ደሴ ወዳለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሊወስዱት ይችላሉ፤ የሚያከራክር ከሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ማዕከል) የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። እኔም ያለ አበባና ፍሬ ከግራሮቹ የትኛው እንደሆነ በስሙ ልጠራልዎ አልችልም።

ልጆች ይዘው ስለሚገቡ የእሾህ ጉዳትን አቅልለው አይዩት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታቸው የተሟላ መሆኑን ጤና ጣቢያ ያረጋግጡ። የግራር እሾህ ቆዳ ውስጥ ከተሰበረ በራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ጉልበት ወይም የጣት መገጣጠሚያ ለሳምንታት ሲያብጥ እሾህ ወግቶት እንደነበር ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ዓይን ከተወጋ ቅቤም ቅጠልም ሳይነካው በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሕክምና ይሂዱ። የወደቀውን የግራር ቅርንጫፍ በየሳምንቱ ከመተላለፊያ መጥረግም አይርሱ፤ ለልጆቹ እግር ብቻ ሳይሆን በርዎ ድረስ ለሚመጣው ባጃጅ ጎማም ነው።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ዛሬ ሁለተኛውን ቁጥቋጦ ይፈትሹ፤ እሾህ የሌለው ከሆነ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት በጓንትና በመነጽር ከሥሩ ይነቀል፤ ቅሪቱ ሳይቃጠል ልጅና ከብት በማይደርሱበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። አጋም ከሆነ ይቆይ፤ ከእሱ የተሻለ አጥር በገንዘብ አያገኙም። የወፍ ቆሎው በበልግ ይነቀል። ትልቁ ዛፍ ግን ነሐሴ እስኪመጣ ድረስ አይነካ፤ ቤቱን ሲያድሱ የሚያስቸግሩትን ዝቅተኛ ቅርንጫፎች ብቻ ከግንዱ አጠገብ በመጋዝ ያስቆርጡ። ነሐሴ ላይ ቅጠል ይኑረው አይኑረው አይተው፣ የጎን ዘንጎቹን ቆጥረው፣ ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር ፎቶ ይላኩልኝ። ፕሮሶፒስ ሆኖ ካልተገኘ በቀር ያንን ዛፍ የሚያስቆርጥ ምክንያት አይታየኝም።